ከአሥራ ሁለት ሰው ሰልፍ የወጣ ቁጥር

479,001,600።

ብር ቢሆን ኖሮ በዜና ሰምተነው የምናልፈው ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሚሊዮንና ቢሊዮን ጆሯችንን አደንዝዞታል። መንገዱ ይህን ያህል ሚሊዮን፣ ሕንፃው ያን ያህል ቢሊዮን ሲባል «ኧረ ብዙ ነው!» እንልና ወደ ቡናችን እንመለሳለን። ትልቅ ቁጥር ትልቅ ከመሆኑ ሌላ የሚነገርለት ነገር ያለው አይመስለንም። እኔ ከዚህኛው ጋር ስተዋወቅ መጠኑ ቶሎ ሰለቸኝ፤ ውስጡ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

የተዋወቅነው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ስታዲየም ጋር፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ የአራት ኪሎ ታክሲ ስንጠብቅ ከፊቴ ያሉ ሁለት ሰዎች «እኔ ነኝ የቀደምኩት»፣ «ኧረ እኔ ነኝ» ተባባሉ። ተራ አስከባሪው ሰልፉን በጣቱ ቆጠረና «አሥራ ሁለት ናችሁ፣ መኪናው መጥቷል፣ ሁላችሁም ትገባላችሁ። ማን ቀደመ ማን ዘገየ ምን ያደርጋል?» አላቸው። ልክ ነው፣ ምንም አያደርግም። እኔ ግን አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ሂሳብ ስማር የተጣባኝ አመል አለ። «ስንት ዓይነት?» የሚል ጥያቄ አንዴ ጭንቅላቴ ውስጥ ከገባ መልሱን ሳላገኝ አያስቀምጠኝም። አሥራ ሁለት ሰው በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰለፍ ይችላል?

መልሱ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ከአሥራ ሁለቱ ማንም ሊቆም ይችላል። እሱ ከቆመ በኋላ ለሁለተኛው ቦታ አሥራ አንድ ሰው ይቀራል፣ ለሦስተኛው አሥር፤ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ምርጫ የሌለው አንድ ሰው ይቀራል። ሁሉንም ማባዛት ነው፦ 12 × 11 × 10 × 9 × 8 × 7 × 6 × 5 × 4 × 3 × 2 × 1። የሂሳብ ሰዎች ይህንን የ12 ፋክቶሪያል ይሉታል፤ ሲጽፉትም ከ12 ኋላ ቃለ አጋኖ ያስቀምጣሉ፦ 12!። ቃለ አጋኖው ይገባዋል። ውጤቱ 479,001,600 ነው።

ተራ አስከባሪው ክፉ ሰው ቢሆንና «በየሰከንዱ ቦታ እየተቀያየራችሁ ሁሉንም ቅደም ተከተል ካላሳያችሁኝ አላስገባም» ቢል፣ አሥራ ሁለታችን እዚያው 5,544 ቀን እንቆማለን። አሥራ አምስት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ መሆኑ ነው፤ ስንጀምር የተወለደ ልጅ ስንጨርስ ሃይስኩል ገብቷል። አሥር ሰው ብቻ ብንሆን ልክ በስድስት ሳምንት እንገላገላለን፣ አንዲት ሰከንድ ሳትተርፍ ሳትጎድል። የ10! ዋጋ 3,628,800 ነው፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ያሉት ሰከንዶችም 3,628,800 ናቸው። አሥራ ሦስተኛ ሰው ከተጨመረ 197 ዓመት ይፈጃል። ከዛሬ ተነስተን ያን ያህል ወደ ኋላ ብንቆጥር አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፣ ያለነው ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነው። ለሃያ ሰው 77 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያስፈልጋል። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሜክሲኮ ላይ ደግሞ ሃያ ሰው አጭር ሰልፍ ነው።

ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ሰው 12!ን ከሌላ አቅጣጫ ያውቀዋል። 32 ቢት (0 ወይም 1 የሚጻፍበት ቦታ) የሚይዝ የኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ የሚገባው ትልቁ ፋክቶሪያል ይህ ነው። የሣጥኑ ጣሪያ ከ4.29 ቢሊዮን ትንሽ ከፍ ይላል፤ 13! ደግሞ 6,227,020,800 ስለሆነ ይፈስሳል። ኮምፒውተሩም ሳያፍር 1,932,053,504 የሚል መልስ ይሰጣል፤ የፈሰሰው ጠፍቶ የተረፈውን ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሲሆን ይገባል፣ አሥራ ሦስተኛው ትርፍ ነው። ረዳቶቻችን ግን ከኮምፒውተሩ ይሻላሉ፤ አሥራ ሦስተኛውንም ያስገቡታል።

ሰው ስለ ፋክቶሪያል ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፦ «አያችሁ እንዴት እንደሚያድግ!» ብሎ። አሁን እንፍታው።

ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ይፈታል፤ አፈታቱም ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው፣ አንዳንዶች ፕራይም የሚሉት፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይቀጥላል። 12! ሲፈታ አሥር 2፣ አምስት 3፣ ሁለት 5፣ አንድ 7 እና አንድ 11 ይሆናል። በቃ። ያ ሁሉ አምስት መቶ ሚሊዮን የተጠጋ ግዙፍነት የተሠራው ከአምስት ዓይነት ጡብ ነው።

መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት ዜሮዎችም ከየት እንደመጡ ወዲያው ይታወቃል። ዜሮ የሚወለደው 2 እና 5 ሲገናኙ ነው። 2 እንደሆነ ሞልቷል፤ 5 ግን ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ ራሱ 5፣ ሌላው 10 ውስጥ ያለው። ስለዚህ ዜሮዎቹም ሁለት ናቸው። በግዕዝ አኃዝ ስንጽፈው ደግሞ ፬፼፸፱፻፼፲፮፻ ይሆናል። ዜሮ የሚባል ነገር የለበትም፤ መካከል ላይ የነበሩት ዜሮዎችም ዱካቸው የለም። መጨረሻው ላይ ግን ፻ ቆሟል፤ ቁጥሩ ለመቶ እንደሚካፈል በግልጽ ይናገራል። በየትኛውም ጽሕፈት ብንጽፈው ሁለቱ 5ዎች እዚያው ናቸው።

አካፋዮቹ ስንት ናቸው? አካፋይ መሥራት ከጡቦቹ መምረጥ ነው። ከ2ዎቹ ምንም አለመውሰድ፣ ወይም አንድ፣ ወይም ሁለት፣ እስከ አሥር መውሰድ ይቻላል፤ 11 ምርጫ። ከ3ዎቹ 6 ምርጫ፣ ከ5ዎቹ 3፣ ከ7 ሁለት፣ ከ11 ሁለት። 11 × 6 × 3 × 2 × 2 = 792። ስለዚህ 479,001,600 ያለ ቀሪ የሚካፈልላቸው 792 ቁጥሮች አሉ።

ይህን አስልቼ እንደጨረስኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ወደ ሰልፋችን ተመለስኩ። 5,544 ቀን ስንት ሳምንት ነው? ለ7 ስናካፍለው 792 ይመጣል። ያለ ቀሪ፣ ልክ 792 ሳምንት። የአካፋዮቹ ቁጥርም 792 ነው።

ፒያሳ ቶሞካ ቆመን ቡና ስንጠጣ ለአንድ ወዳጄ ነገርኩት። ፒያሳ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ መልኳ ተቀይሯል፤ ቡና ቆሞ የመጠጣት ልማድ ግን አልተቀየረም። ወዳጄ ስኒውን አስቀምጦ «አንተ፣ ይሄማ ምልክት ነው! ዝም ብሎ እንዲህ አይገጥምም» አለኝ። እኔ ደግሞ ምልክት ነው የሚባል ነገር ስሰማ ጎረቤቶቹን የማየት ልማድ አለኝ። 10! 270 አካፋዮች አሉት፤ ሳምንቱ 6 ነው። 11! 540 አካፋዮች አሉት፤ ሳምንቱ 66 ነው። 13! 1,584 አካፋዮች አሉት፤ ሳምንቱ 10,296 ነው። አካፋዮቹና ሳምንቶቹ በተለያየ ፍጥነት ያድጋሉ፤ መንገዳቸው 12 ላይ ተገናኝቷል፣ ከዚያ ተለያይተዋል። አጋጣሚ ነው። ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፣ ግን ምንም ነገር አይነግረንም።

ሳምንቱ ያለ ቀሪ መውጣቱ ግን አጋጣሚ አይደለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ 604,800 ሰከንድ አለ። እሱን ስንፈታው ሰባት 2፣ ሦስት 3፣ ሁለት 5 እና አንድ 7 እናገኛለን፤ ሁሉም 12! ውስጥ አሉ፤ መግጠሙ ግዴታ ነው። በአንጻሩ 365 ቀን 5 × 73 ነው፤ 73 ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው ሰልፍ ውስጥ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ዓመት አይገጥምም። የባሕረ ሐሳቡ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራው፣ ትልቁ ዑደት ዐቢይ ቀመርም አይገጥምም። 532 ዓመት 28 × 19 ነው፤ 28ቱ ከፀሐይና ከሳምንት፣ 19ኙ ከጨረቃ የመጣ። 19 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ፣ ሰልፉ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሳይሞላ የጨረቃው ቁጥር አይገባም።

ባሕረ ሐሳብን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አያቴ ያውቁት ነበር። በልጅነቴ ከአራዳ ጊዮርጊስ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠይቄያቸው ያስረዱኝ ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከተማርኩት ብዙ ነገር ይልቅ ጠቅሞኛል። «ልጄ፣ አካፍል። የደረሰውን ጣለው፣ የቀረውን ያዝ» ይሉ ነበር። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም. ላይ 5,500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7,517 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1,879 ደርሶ 1 ይቀራል፤ አንድ ከቀረ ዘመነ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 12 ይቀራል፤ ከዚያ ላይ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው የዓመቱ ቁጥር 11 ይሆናል። ሺሁ ሁሉ ይጣላል፣ ትንሿ ቀሪ ትያዛለች፣ ጾሙም በዓሉም ከእርሷ ይወጣል። (በነገራችን ላይ፣ ለ4 ተካፍሎ የደረሰውና የጣልነው 1879 አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው። ወዳጄ እንዳይሰማ።)

ቀሪ መያዝ የሚችል ሰው ወደ ቁጥራችን ጎረቤቶች መሄድ ይችላል። ታች ያለው ጎረቤት 479,001,599 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ምንም አይከፍለውም። 792 አካፋዮች ካሉት ጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል። ላይ ያለው ጎረቤት 479,001,601 ነው፤ እኔን ያቆመኝም እሱ ነው።

12! ከ2 እስከ 12 ላሉት ሁሉ ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ አንድ ሲጨመርበት ለእነዚህ ሁሉ ሲካፈል 1 ይቀራል። ስለዚህ 479,001,601 ከ1 በላይ አካፋይ ካለው ትንሹ ሊሆን የሚችለው 13 ነው። ሞክሩት፤ 13 ይከፍለዋል። ይህኛው እንደ 792ቱ አጋጣሚ ነው ወይስ እንደ ሳምንቱ ግዴታ?

ግዴታ ነው፤ ምክንያቱንም ታክሲው ውስጥ ማየት ይቻላል። ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች ሁለት ሁለት እያደረግን እናስቀምጣቸው። ደንቡ አንድ ነው፦ አብረው የተቀመጡት ሲባዙና ውጤቱ ለ13 ሲካፈል 1 መቅረት አለበት። 2 ከ7 ጋር ይቀመጣል፤ 14 ሲሆኑ ከ13 አንድ ይተርፋል። 3 ከ9 ጋር፤ 27፣ ከ26 አንድ ይተርፋል። 4 ከ10 ጋር፣ 5 ከ8 ጋር፤ ሁለቱም ጥንዶች 40 ናቸው፣ ከ39 አንድ ይተርፋል። 6 ከ11 ጋር፤ 66፣ ከ65 አንድ ይተርፋል። ጥንድ ያጡት 1 እና 12 ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሁሉንም ስናባዛ አምስቱ ጥንዶች እያንዳንዳቸው 1 ያዋጣሉ፤ በ1 ማባዛት ምንም አይለውጥም፤ 1 ራሱም ምንም አይለውጥም። የሚቀረው 12 ነው። 12 ማለት ደግሞ 13 ሊሞላ አንድ የጎደለው ማለት ነው። አንድ ስንጨምርበት ሞላ። አራት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሚሊዮን ምናምን የሚለውን ቁጥር አንዴም ሳንነካው አለቀ፤ አያቴ እንዳሉት የደረሰውን ጥለን የቀረውን ብቻ ይዘን።

ይህ ለ13 ብቻ አይደለም፤ ለማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ይሠራል፦ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ ተባዝተው አንድ ሲጨመር፣ ውጤቱን ይከፍለዋል። ብቸኛ ካልሆነ አይሠራም፤ በ13 ፈንታ 12ን ብንወስድ 3 እና 4 ገና ሲገናኙ 12 ይሆኑና ቀሪው ዜሮ ይሆናል፣ ዜሮ ደግሞ በምንም ቢያባዙት ዜሮ ነው። ሕጉ የዊልሰን ቴዎረም ይባላል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1770 በተማሪው በጆን ዊልሰን ስም አሳተመው፤ ሁለቱም ማረጋገጫ አልነበራቸውም። በማግሥቱ ዓመት የሂሳብ ሊቁ ላግራንዥ አረጋገጠው። ዊልሰን ከመወለዱ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ግን ባስራ ተወልዶ ካይሮ ላይ ይሠራ የነበረው ኢብን አል-ሃይሠም ይህንኑ ነገር ያውቀው ነበር። ስሙ ለምን ለዊልሰን እንደቀረ መገመት አያቅትም፤ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

አንድ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ ይህንን ሕግ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ማንም አይጠቀምበትም። እስከዚያ ቁጥር ድረስ ያለውን ሁሉ ማባዛት ረጅም መንገድ ነው። ለእኔ ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ምንም አያገለግልም፣ ግን ፍጹም እውነት ነው።

እስካሁን ሁለት ዓይነት ነገር አይተናል፤ አጋጣሚና ግዴታ። አሁን ሦስተኛው ይመጣል። 479,001,601 ለ13 ሲካፈል 36,846,277 ይሆናል። ይህንን እንደገና ለ13 አካፍሉት። 2,834,329 ይመጣል፣ ያለ ቀሪ። 13 ሁለት ጊዜ ከፈለው! የዊልሰን ሕግ ቃል የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ማንም አላዘዘም።

ሌሎቹስ? 4! 24 ነው፤ አንድ ሲጨመር 25፣ ማለትም 5 × 5። 5ም ሁለት ጊዜ ከፈለ። 6! 720 ነው፤ 721 ደግሞ 7 × 103፤ 103 ለ7 አይካፈልም። 10! ሲደመር 1 3,628,801 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 329,891፤ እንደገና ለ11 ሲካፈል 1 ይቀራል። እንዲህ ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ ብቸኛ ቁጥሮች የዊልሰን ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ። እስከዛሬ የሚታወቁት ሦስት ናቸው፦ 5፣ 13 እና 563። ሦስተኛውን ካርል ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1953 በኮምፒውተር እገዛ አገኘው። ከዚያ ወዲህ አራተኛ አልተገኘም። ኤድጋር ኮስታ፣ ሮበርት ገርቢች እና ዴቪድ ሃርቪ የሚባሉ ሦስት ሰዎች እስከ 20 ትሪሊዮን ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ፈትሸው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ደግሞም አለው። «አሥራ ሁለት ወር፣ ጳጉሜን ሲጨመር አሥራ ሦስት! ሌላ አገር አሥራ ሦስት ወር ማን አለው? ይሄም አጋጣሚ ነው ልትል ነው?» እውነት ለመናገር ሳልደሰት አልቀረሁም። 12 ላይ አንድ ሲጨመር 13 የሚያስተናግድ ቁጥር ለእኛ የተሰፋ ይመስላል። ግን ጳጉሜን ሰው የደነገገው ነገር ነው፤ የመጣው ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወሮች ከፀሐይ ዓመት በአምስት ቀን ስለሚያንሱ ነው። 169 (13 × 13) ግን 12! ሲደመር 1ን የሚከፍለው የቀን መቁጠሪያ የሚያወጣ ሰው ሳይፈጠርም ነበር። ደግሞስ 563 ወር ያለው አገር የት ሊገኝ ነው?

የቁጥር ሊቃውንት ነገሩን የሚያዩት በሌላ መንገድ ነው። 13 አንዴ ከከፈለ በኋላ የሚመጣው ውጤት ለ13 ሲካፈል የሚቀረው ከ0 እስከ 12 ማንኛውም ሊሆን ይችላል፤ ዜሮ የመሆን ዕድሉ ከ13 አንድ ነው እንበል። ለ5 ከ5 አንድ፣ ለ563 ከ563 አንድ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕድሉ ይቀጥናል፣ ግን ብቸኛ ቁጥሮች አያልቁም፤ እነዚህ ቀጫጭን ዕድሎች ሲደመሩም ወሰን እንደሌላቸው የሂሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1737 አሳይቷል። ስለዚህ የዊልሰን ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም ተብሎ ይገመታል፣ የተረጋገጠ ግን አይደለም። ድምሩ የሚያድገውም እጅግ በዝግታ ነው። በዚህ ግምት ከሄድን ከ20 ትሪሊዮን በላይ በአማካይ አንድ አዲስ እናገኛለን ብሎ ተስፋ ለማድረግ ከ36 አኃዝ በላይ ርዝመት ያላቸው ቁጥሮች ድረስ መፈተሽ ያስፈልጋል። በሕይወት ዘመኔ አየዋለሁ ብዬ አላስብም።

እኔን የሚገርመኝ ግን «ዕድል» የሚለው ነገር እዚህ መግባቱ ነው። 479,001,601 ላይ የተጣለ ዕጣ የለም። ለ13 ሁለት ጊዜ መካፈሉ ዛሬም ነገም አይለወጥም፤ ሌላ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ሆኖም ለምን እንደሆነ ስንጠየቅ የምንሰጠው ምክንያት የለንም፤ ከ13ቱ አንዱ ደረሰው ከማለት በቀር። ግዴታ ሆኖ ሳለ ጠባዩ የአጋጣሚ ነው። ወዳጄ ይህን «ምልክት» ይለዋል፤ እኔ ስም አላወጣሁለትም። ከ792ቱ ግጥምጥሞሽ ግን እለየዋለሁ። ያኛው የሳምንትን ርዝመት ይዞ የመጣ የሰው ሥራ አለበት፤ ይህኛው የቁጥሮቹ የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ሰው ሲነግረኝ አላምንም፣ በእጄ ካልነካሁት የሚል አንባቢ ካለ መንገዱ ቀላል ነው፤ ታክሲ ሲጠበቅም ይሠራል። 13 × 13 169 ነው። ከ1 ጀምሮ ማባዛት ነው፤ ውጤቱ 169ን ባለፈ ቁጥር ለ169 አካፍሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ። 1፣ 2፣ 6፣ 24፣ 120። በ6 ሲባዛ 720፤ አራት ጊዜ 169 ሲወጣለት 44 ይቀራል። 44 በ7 308፤ ቀሪው 139። 139 በ8 1,112፤ ቀሪው 98። 98 በ9 882፤ ቀሪው 37። 37 በ10 370፤ ቀሪው 32። 32 በ11 352፤ ቀሪው 14። 14 በ12 168። አንድ ሲጨመር 169። ትልቁ ቁጥር ራሱ የትም አልታየም።

ለ563ም መንገዱ ያው ነው። 562! ተጽፎ ቢቀመጥ ከ1,300 አኃዝ በላይ ይሆናል፤ ግን መጻፍ አያስፈልግም። 563 × 563 316,969 ነው። ከ1 ተነስታችሁ በ2፣ በ3፣ በ4 እያላችሁ አባዙ፣ 316,969ን ባለፋችሁ ቁጥር ቀሪውን ያዙ። የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል፤ ከ179 ሚሊዮን የሚበልጥ ቁጥር አይገጥማችሁም። በ562 አባዝታችሁ ስትጨርሱ 316,968 ላይ ካልቆማችሁ፣ መንገድ ላይ አንዱን ዘላችኋል ማለት ነው።